ከአምበልነት ወደ አሰልጣኝነት፦ የአንድ ሮማንያዊ አሠራር የት ያዘ፣ የት አልያዘም

ይህ የጉዳይ ጥናት በ1970 የዓለም ዋንጫ የአገሩን ቡድን በአምበልነት ስለመራና በኋላ ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ ስላሰለጠነ አንድ ሮማንያዊ ነው። ሰዎቹን በስም አንጠራም። እግር ኳስ የሚከታተል አንባቢ ግን ማንነታቸውን ለመለየት አይቸገርም። ክለቦቹ፣ ውጤቶቹና ዓመታቱ እንዳሉ ተቀምጠዋል፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩን ለመዝገብ ያበቃው አንድ ጥያቄ ነው። ይኸው ሰው በዩክሬኗ ዶኔትስክ 12 ዓመት ቆይቶ ስምንት የሊግ ዋንጫ አነሳ፤ በሚላን ግን አራት ወር አልሞላም። የሰውየው አሠራር ብዙም አልተቀየረም። ታዲያ የተለየው ምን ነበር?

ዳራ

በ1945 ቡካሬስት ተወለደ። የቀኝ መስመር አጥቂ ነበር። አብዛኛውን የተጫዋችነት ዘመኑን ያሳለፈው በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር በነበረው በዲናሞ ቡካሬስት ሲሆን፣ ከ1964 እስከ 1977 ባለው ጊዜ የሮማንያን ሊግ ስድስት ጊዜ አሸንፏል። በመካከሉ ለአንድ የተማሪዎች ክለብ በውሰት ተጫውቷል፤ የኢኮኖሚ ትምህርትም ተምሯል። ለብሔራዊ ቡድኑ ከ60 ጊዜ በላይ ተሰልፏል።

በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ ሮማንያ የወደቀችበት ምድብ ከባድ ነበር። የ24 ዓመቱ አምበልና ጓደኞቹ በእንግሊዝ 1ለ0 ተረቱ፣ ቼኮዝሎቫኪያን 2ለ1 አሸነፉ፣ በመጨረሻም በብራዚል 3ለ2 ተሸንፈው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያ የብራዚል ቡድን ዋንጫውን ወሰደ። ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ምሥራቅ ዩክሬን ውስጥ ብራዚላውያንን የሰበሰበው ሰው፣ ያን ቡድን በቴሌቪዥን ሳይሆን ሜዳ ውስጥ ገብቶ ያየው ሰው ነው። ግንኙነቱን ማጋነን ባይገባም ችላ ማለትም አይቻልም።

ሁኔዶዋራ፦ ተጫዋችም አሰልጣኝም

በ1977 ሮማንያን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በመላ አገሪቱ ከ1,500 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ክፉኛ የተጎዳችውም ቡካሬስት ነበረች። በዚያው ዓመት ተጫዋቹ ዋና ከተማዋን ለቆ ትራንሲልቫንያ ውስጥ ወዳለችው የብረት ፋብሪካ ከተማ ሁኔዶዋራ፣ ወደ ኮርቪኑል ክለብ ሄደ። ዕድሜው 32 ነበር፤ ብዙዎች ለጡረታ የሄደ ሊመስላቸው ይችል ነበር።

ኮርቪኑል በ1979 ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወረደ። ክለቡ ያኔ ቡድኑን ለዚሁ ተጫዋች ሰጠው፤ እሱም መጫወቱን ሳያቆም ማሰልጠን ጀመረ። ቡድኑ በአንድ ዓመት ተመለሰ፣ በ1982 በሊጉ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። በተከታዩ የውድድር ዓመት በዩኤፋ ዋንጫ የኦስትሪያውን ግራዘር አካ አልፎ በሳራዬቮ ተሸነፈ። ለአንዲት የፋብሪካ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በኋላ በየሄደበት የታየው አሠራር መነሻው እዚህ ነው። ክለቡ የዋና ከተማዎቹን ክለቦች ተጫዋቾች መግዛት አይችልም ነበር፤ ስለዚህ አሰልጣኙ አሥራዎቹን ያልጨረሱ ወይም ገና 20 የገቡ ልጆችን በአንድ ላይ ወደ ዋናው ቡድን አወጣ። አንድን ልጅ ብቻውን በአዋቂዎች መካከል መጣል የተለመደ ነገር ነው፤ ልጁ በሁለት መጥፎ ጨዋታ ይሰበራል፣ ተመልሶም ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል። አራት አምስት ሆነው ሲወጡ ግን ከወጣት ቡድን ጀምሮ የሚያውቁት የቅብብል ልማድ አብሯቸው ይመጣል፣ ስህተቱም በአንዱ ላይ ብቻ አይቆለልም። በ1981 አውስትራሊያ ላይ በተካሄደው የዓለም ወጣቶች ዋንጫ ሮማንያ ሦስተኛ ስትወጣ፣ የውድድሩ ኮከብ ተብሎ የተሸለመው ከዚህ ክለብ የወጣ ልጅ ነበር።

ተጫዋች ሆኖ ማሰልጠን የራሱ ጣጣ አለው። ሜዳ ውስጥ ያለ ሰው ከራሱ መስመር ውጪ ያለውን ጨዋታ በደንብ አያይም፤ ቅያሪውን ለመወሰን ውጪ የሚቀመጥ የታመነ ረዳት ያስፈልገዋል። ትናንት አብሮት ልብስ ይቀይር የነበረን ጓደኛ ዛሬ ከአሰላለፍ ማስወጣትም ቀላል አይደለም። በምትኩ የሚያገኘው ጥቅም አለ፦ ልጆቹ ያላወቁትን የቦታ አያያዝ ጨዋታው ሳይቆም፣ አጠገባቸው ሆኖ ያሳያቸዋል። ወጣት ለበዛበት ቡድን ይህ ከማንኛውም የሰሌዳ ማብራሪያ ይበልጣል።

ብሔራዊ ቡድን እና የ18 ዓመቱ ልጅ

በ1981 ብሔራዊ ቡድኑን ተረከበ። ለ1984ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ የዓለም ሻምፒዮኗ ጣሊያን በምድቡ ነበረች፤ በ1983 ቡካሬስት ላይ 1ለ0 ተሸነፈች፣ ሮማንያም ለመጀመሪያ ጊዜ ለአውሮፓ ዋንጫ አለፈች። በዚያው ዓመት በኋላ የአገሪቱ ታላቅ ተጫዋች የሚባለውን ልጅ በ18 ዓመቱ ኦስሎ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰለፈው። ፈረንሳይ ላይ ከስፔን ጋር 1ለ1 ተለያይተው፣ በምዕራብ ጀርመን 2ለ1፣ በፖርቱጋል 1ለ0 ተሸንፈው ከምድባቸው ወደቁ። ለ1986ቱ የዓለም ዋንጫም ከእንግሊዝና ከሰሜን አየርላንድ በታች ሆነው ቀሩ።

ከዚያ በዲናሞ ቡካሬስት እስከ 1990 ቆየ። በመጨረሻው ዓመት ሊጉንና የሮማንያን ዋንጫ በአንድ ላይ ወሰደ፣ በአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ውድድርም ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ድንበሩ ሲከፈት ወደ ጣሊያን ሄደ። ብሬሻ ላይ ያሳለፈው ጊዜ የመውጣትና የመውረድ ነበር፦ በ1992 ወደ ሴሪ አ (የጣሊያን ከፍተኛው ሊግ) ወጣ፣ በ1993 ወረደ፣ በ1994 ወጣ፣ በ1995 ወረደ። ብሬሻ የ1995ቱን የሴሪ አ ዓመት ሲያጠናቅቅ አንድ የ16 ዓመት አማካይ አስገባ፤ ልጁ ከ11 ዓመት በኋላ ከጣሊያን ጋር የዓለም ዋንጫ አነሳ።

ችግሩ፦ ዶኔትስክ፣ 2004

ሻክታር ዶኔትስክ በ2004 ገንዘብ ያለው፣ ታሪክ ግን የሌለው ክለብ ነበር። ዩክሬን ነጻ ከወጣች ወዲህ ከተካሄዱት 13 የሊግ ውድድሮች 11ዱን ዲናሞ ኪዬቭ ወስዷል፤ ሻክታር ያለው አንድ ብቻ፣ የ2002ቱ ነበር። የባለቤቱ ፍላጎት አውሮፓ ላይ ዋንጫ ማንሳት ነበር።

ገንዘቡ ብቻውን የማይፈታው ችግር ይህ ነው፦ የበሰለ ኮከብ ወደ ከሰል ማውጫ ከተማ፣ ማንም ወደማይከታተለው ሊግ አይመጣም። ቢመጣም ለደመወዝ ነው፤ አንድ ዓመት ተቀምጦ ይሄዳል። የሊጉ ደንብ ደግሞ ሜዳ ላይ የሚገቡ የውጭ ዜጎችን ቁጥር ይገድብ ስለነበር ቡድኑን በሙሉ ከውጭ መገንባት አይቻልም ነበር። በክረምት ሊጉ ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ ከሁለት ወር በላይ ይዘጋል፤ የአውሮፓ ጥሎ ማለፍ ሲጀመር ቡድኑ ለረጅም ጊዜ የነጥብ ጨዋታ ሳያደርግ ይደርሳል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው ውሳኔ ዕድሜ ላይ ነበር። ብራዚል ውስጥ ስማቸው መነሳት የጀመረ፣ የምዕራብ አውሮፓ ትልልቅ ክለቦች ግን ገና ያልወሰኑባቸው፣ ከ19 እስከ 21 ዓመት የሆኑ ልጆች ተፈለጉ። በ2005 ከአንድ የኩሪቲባ ክለብ ሁለት አማካዮች መጡ። በ2007 የ19 ዓመት አጥቂ፣ አንድ የመስመር ተጫዋችና ከሳኦ ፓውሎ የመጣ የ19 ዓመት ክንፍ ታከሉ። በ2010 መጀመሪያ ደግሞ ሁለት የ19 እና የ20 ዓመት ልጆች ተጨመሩ። የቀደሙት የኋለኞቹን ስለሚቀበሉ አዲስ የመጣ ልጅ ቋንቋውን የሚናገር፣ ምግቡን የሚያውቅ፣ ብርዱን የለመደ ሰው ያገኛል። የሁኔዶዋራ አሠራር ነው፤ የተለወጠው ልጆቹ የሚመጡበት አገር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። አሰልጣኙ ፖርቱጋልኛ ይናገር ነበር። የ19 ዓመት ልጅ ከአሰላለፍ ሲወጣ ምክንያቱን በአስተርጓሚ ሳይሆን ከአሰልጣኙ አፍ መስማቱ ብዙ ክለቦች የሚንቁት ነገር ነው። አስተርጓሚ ትእዛዝን ያስተላልፋል፤ ቁጣና ማባበልን ግን ሁልጊዜ አያስተላልፍም።

ሦስተኛው የሜዳ ክፍፍል ነው። ከኋላ የምሥራቅ አውሮፓ ተጫዋቾች፣ ከፊት ብራዚላውያን። የ2009ኙ የዩኤፋ ዋንጫ ፍጻሜ አሰላለፍ ይህን በግልጽ ያሳያል። ግብ ጠባቂውና ሁለቱ የመሀል ተከላካዮች ዩክሬናውያን፣ የቀኝ መስመር ተከላካዩና አምበሉ ክሮኤሺያዊ፣ የግራው ሮማንያዊ፣ ከተከላካዮቹ ፊት የሚቆመው አማካይ ፖላንዳዊ። ከእሱ ጎንና ከፊቱ አምስት ብራዚላውያን። ሁለቱ የመስመር ተከላካዮች ወደ ፊት ሲወጡ ክንፎቹ ወደ መሀል ይገባሉ፤ ፖላንዳዊው ከመሀል ተከላካዮቹ ጋር ይቀራል። ኳስ ከጠፋ በአምስቱ አጥቂዎች አካባቢ ወዲያው መቀማት አለበት፤ ካልተቀማ ከኋላ የሚቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው። የአሠራሩ ኃይልም ድክመትም እዚሁ ነው።

አራተኛው ትዕግሥት። በ2005 ከመጡት አንዱ ስምንት ዓመት ቆይቶ በ2013 ወደ ማንቸስተር ሲቲ ሄደ። በ2007 የመጣው ክንፍ አምስት ዓመት ተኩል፣ በ2010 ከመጡት አንዱ አምስት ተኩል፣ ሌላው ስድስት ዓመት ቆዩ። ዛሬ ይህን ያህል የሚጠብቅ ክለብ ማግኘት ይከብዳል። የዝውውሩን ትርፍ ያመጣውም ጥበቃው ነው፦ ወደ 14 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ የተገዛው ክንፍ በጥር 2013 በ35 ሚሊዮን ገደማ ተሸጠ። በ2016 ወደ ቻይና የሄደው አማካይ ዋጋ 50 ሚሊዮን ዩሮ እንደነበር ተዘግቧል።

የተሳካው

በ2008/09 ሻክታር በሻምፒዮንስ ሊግ ምድቡ ሦስተኛ ሆኖ ወደ ዩኤፋ ዋንጫ ወረደ። ቶተንሃምን፣ ሲኤስካ ሞስኮን፣ ማርሴይን፣ በግማሽ ፍጻሜም ዲናሞ ኪዬቭን ጥሎ ኢስታንቡል ደረሰ። ፍጻሜው ላይ ቨርደር ብሬመንን በጭማሪ ሰዓት 2ለ1 አሸነፈ፤ ሁለቱንም ግብ ያስቆጠሩት ብራዚላውያን ነበሩ። ውድድሩ ዩሮፓ ሊግ ተብሎ ከመሰየሙ በፊት የመጨረሻው ዋንጫ ነው። ከሦስት ወር በኋላ 52,000 ገደማ ሰው የሚይዘው ዶንባስ አሬና ተከፈተ።

በ2010/11 ምድቡን ከአርሰናል በላይ ሆኖ ጨረሰ፣ ሮማን በደርሶ መልስ ጥሎ ሩብ ፍጻሜ ገባ። በ2012/13 የሻምፒዮንስ ሊግ ባለቤት የነበረው ቼልሲ ከምድቡ ሲወድቅ ከጁቬንቱስ ጋር ያለፈው ሻክታር ነው። በ12 ዓመት ውስጥ ስምንት የሊግና ስድስት የዩክሬን ዋንጫ ተሰበሰበ።

ያልተሳካው

የመጀመሪያው ቀዳዳ ውል ላይ ታየ። በ2004 የመጣ አንድ ብራዚላዊ አማካይ በ2007 ውሉ ሳያልቅ፣ ውል ማፍረስ የሚያስከትለውን ካሳ በሚደነግገው የፊፋ ደንብ አንቀጽ 17 ተጠቅሞ ወደ ስፔን ሄደ። ክለቡ ከሰሰ፣ ተከራከረ፤ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ በ2009 ወደ 12 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ካሳ ፈረደለት። ገንዘቡ ቢፈረድም ተጫዋቹ አልተመለሰም። ተጫዋቹ ያለ ስፖርታዊ ቅጣት በዚህ መንገድ መውጣት የሚችለው የተጠበቀው ጊዜ ሲያበቃ ነው፤ ከ28 ዓመት በታች ሆኖ ለፈረመ ተጫዋች ሦስት ዓመት። ስለዚህ አንድን ወጣት ረጅም ጊዜ ሊያቆይ የሚፈልግ ክለብ የአምስት ዓመት ውል አስፈርሞ መተኛት አይችልም፤ ሦስተኛው ዓመት ሳያልቅ ማደስ አለበት።

ሁለተኛው የክረምት ሽያጭ ነው። ክንፉ በጥር 2013 ሲሸጥ ቡድኑን በየካቲት ዶርትመንድ ይጠብቀው ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታ 2ለ2 አለቀ፣ በመልሱ 3ለ0 ተሸነፈ። ሽያጩ ብቻውን ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ የክረምቱ እረፍትም አለ። ግን አብረው የሚጫወቱ አራት ሰዎችን ለዓመታት የገነባ ቡድን አንዱን በየካቲት ዋዜማ ሲያጣ የሚተካው ሰው ችሎታ ቢኖረውም ልማዱ የለውም።

ሦስተኛው ከኋላ የሚቀሩት ሰዎች ማነስ ነው። ከ2011ዱ ሩብ ፍጻሜ ጋር አብሮ የሚነሳው በባርሴሎና የደረሰበት የ5ለ1 ሽንፈት ነው፤ በ2015 ደግሞ በሜዳው ከባየርን ጋር 0ለ0 ወጥቶ ሙኒክ ላይ 7ለ0 ተሸነፈ። ቀይ ካርዱ ገና በሦስተኛው ደቂቃ መምጣቱ ውጤቱን አባብሶታል። ቢሆንም ከታላላቆቹ ጋር ኳስ ሲቀማ ለሚመጣ መልሶ ማጥቃት ሦስት ሰው እንደማይበቃ ከዚያም በፊት ታይቶ ነበር።

ከዚያ 2014 መጣ። ጦርነቱ ዶኔትስክ ሲገባ ክለቡ ከተማውን ለቀቀ፤ ልምምዱን ኪዬቭ፣ የሜዳ ጨዋታውን ከዶኔትስክ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ልቪቭ አደረገ። ሐምሌ ላይ ፈረንሳይ ከተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ በኋላ ስድስት ደቡብ አሜሪካውያን ወደ ዩክሬን አንመለስም አሉ። አብዛኞቹ በመጨረሻ ተመለሱ። የተመለሱበትን ምክንያት ወደ አሰልጣኙ ግርማ ሞገስ ብቻ መውሰድ የዋህነት ነው፤ ውል ነበራቸው፣ የማፍረሻው ዋጋም ከባድ ነበር። ቡድኑ አልፈረሰም፣ ግን 2015ንም 2016ንም ሊጉን ዲናሞ ኪዬቭ ወሰደው። አሰልጣኙ በ2016 የዩክሬንን ዋንጫ አንስቶ፣ በዩሮፓ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ በሴቪያ ተሸንፎ ለቀቀ።

ያው ሰው በሌላ ቦታ

ኢንተር ሚላን በ1998 መጨረሻ፣ ውድድሩ ሳይጋመስ፣ ቡድኑን ሰጠው። በሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ በማንቸስተር ዩናይትድ ወጡ፤ በመጋቢት ለቀቀ። ሌላ ሰው በመረጣቸው ኮከቦች የተሞላ፣ በየሦስት ቀኑ የሚጫወት ቡድን የቅብብል ልማድ የሚሠራበት ሳምንት አያገኝም። በሩሲያው ዜኒት በ2016/17 ሙሉ የቅድመ ውድድር ጊዜ ነበረው፤ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ተሰናበተ። የቱርክ ብሔራዊ ቡድን ከ2017 እስከ 2019 መጀመሪያ ከዚህ አልተሻለም። ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ተጫዋቹ በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው የሚገኘው።

ነገር ግን «ይህ ሰው ጊዜ ካላገኘ አያሸንፍም» ማለት ስህተት ነው። በ2000 የበሰለውን ጋላታሳራይን ተረክቦ ገና በነሐሴ የአውሮፓ ሱፐር ካፕን ሪያል ማድሪድን 2ለ1 አሸንፎ ወሰደ። ቤሺክታሽን በመጀመሪያ ዓመቱ፣ ክለቡ 100 ዓመት በሞላው በ2003፣ ሻምፒዮን አደረገ። ሁለቱም ክለቦች ቡድኑን የሰጡት ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ የጋላታሳራይ የተከላካይ መስመርም ተገንብቶ የቆየ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን 2020 ነው። 75 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የቀድሞ ባላንጣውን ዲናሞ ኪዬቭን ያዘ። ደጋፊው ተቃወመ፣ ተቃውሞውም ከባድ ነበር። ዲናሞ ከ2016 ወዲህ ሊግ አላሸነፈም ነበር። አሰልጣኙ ቡድኑን በብራዚላውያን ላይ አልገነባም፤ ከክለቡ አካዳሚ የወጡ ልጆችን፣ ከእነሱም መካከል በ2019 ከዩክሬን ጋር ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ያነሱትን፣ በአንድ ላይ አሰለፈ። በመጀመሪያው ዓመት ሊጉንና ዋንጫውን ወሰደ። ብዙ ክለብ ከዶኔትስክ የቀዳው የተጫዋቾቹን ዜግነት ነው። ሁኔዶዋራና ኪዬቭ ሲታዩ ዜግነቱ ያንድ ዘመን መፍትሔ እንደነበር ግልጽ ነው።

ወደ ሌላ ክለብ የሚወሰድ

ገንዘብ ለሌለው ክለብ በቀጥታ የሚወሰደው የቡድን አወጣጡ ነው፦ ከወጣት ቡድኑ ቢያንስ ሦስት፣ የሚቀባበሉ ተጫዋቾችን፣ በአንድ የውድድር ዓመት ማውጣት። አጥቂና ግብ ጠባቂ አብረው ቢወጡ ጥቅሙ አነስተኛ ነው። አማካይ፣ ክንፍና የዚያው መስመር ተከላካይ ቢሆኑ ይሻላል። ከኋላቸው ያሉት ሦስት አራት ቦታዎች በዚያ ዓመት መነካት የለባቸውም።

የውጭ ተጫዋች የሚገዛ ክለብ አንድ ብቻ ከመግዛት ሁለት ቢገዛ፣ ሁለቱም ያንኑ ቋንቋ ቢናገሩ፣ ከአሰልጣኞች ቡድንም አንዱ ያን ቋንቋ ቢችል ይመረጣል። የውል እድሳት ቀን በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ሳይሆን በሁለተኛው መጨረሻ ይያዝ። ዋና ተጫዋች በጥር ከመሸጡ በፊት ተተኪው ቢያንስ ስድስት ወር አብሮ የተለማመደ መሆኑ ይረጋገጥ።

አሠራሩ የአሰልጣኙ ነው ወይስ የክለቡ የሚለውን ለመለየት የሚጠቅመው ከ2016 በኋላ ያለው ጊዜ ነው። በሻክታር የተካው ፖርቱጋላዊ አሰልጣኝ በሦስት ዓመት ሦስት ሊግና ሦስት ዋንጫ ወሰደ፤ ስለዚህ የተጫዋች መረጣው ክለቡ ውስጥ ቀርቷል። ያልተሸፈነው አደጋ ግን በ2022 ተገለጠ። ጦርነቱ በመላ ዩክሬን ሲጀምር ፊፋ የውጭ ተጫዋቾች ውላቸውን አቁመው እንዲሄዱ ፈቀደ፤ ሻክታር ከብራዚላውያኑ በርካታዎቹን ያለ ዝውውር ክፍያ አጣ፣ በግልግል ፍርድ ቤት ያቀረበው የካሳ ጥያቄም ውድቅ ሆነ። በጥር 2023 ወደ ቼልሲ በ70 ሚሊዮን ዩሮና በተጨማሪ ክፍያ የሸጠው ክንፍ ዩክሬናዊ፣ ወደ ዋናው ቡድን የወጣውም ከክለቡ ከራሱ አካዳሚ ነበር።